አሮጌውን ሳይክል ማደስ ወይስ ሌላ መግዛት? ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት

ግቢ ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ የጠጣ ሳይክል ያለው ሰው ብዙ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ብዙዎች እያወጡ ማየት ጀምረዋል። አዲስ አበባ ላይ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የሳይክል መንገዶች "እኔም ልጀምር እንዴ?" የሚያሰኙ ሆነዋል፤ የታክሲ ሰልፉም ይገፋፋል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላላችሁ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም፣ ከተማው ሜዳ ነው፣ ሳይክል የኖረበት ነው። የትም ብትሆኑ ግን ጥያቄው ያው ነው። ያለውን ላሳድስ ወይስ ሌላ ልግዛ?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ውሳኔው ያለው ቴላዮው ላይ ነው። ቴላዮው (ፍሬሙ) ጤነኛ ከሆነ፣ ለቁመታችሁ የሚሆን ከሆነ፣ ጎማውም ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኝ ቁጥር ከሆነ አሳድሱት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ብራችሁን ለሌላ ሳይክል አስቀምጡ። ማርሹ፣ ፍሬኑ፣ ኮርቻው፣ ቀለሙ፣ የቀረው ሁሉ የዋጋ ጉዳይ ነው፤ ዋጋ ደግሞ ተደምሮ ይታወቃል።

ቴላዮውን እንዴት ታዩታላችሁ?

መጀመሪያ እጠቡት። በቆሻሻ የተሸፈነ ቴላዮ ምንም አይነግራችሁም። ከዚያ ቀን በፀሐይ ብርሃን አውጡትና ብረቶቹ የሚገናኙበትን ቦታ አንድ በአንድ ተመልከቱ። ስንጥቅ የሚወደው ቦታ የታወቀ ነው፦ ከመሪው ሥር ታችኛው ብረት የሚገጠምበት፣ ፔዳሉ የሚያልፍበት የታችኛው መጋጠሚያ፣ የኮርቻው ዘንግ የሚገባበት አፍ፣ የኋላ ጎማ የሚታሰርባቸው ሁለት ጫፎች። ስንጥቅ ሲጀምር ፀጉር የመሰለ መስመር ነው፣ ቀለም የተሰነጠቀ ብቻ ይመስላል። ጥፍራችሁን አሻግሩበት። ጥፍር ከያዘ፣ ወይም ከመስመሩ ውስጥ ቀጭን የዝገት ክር ከወጣ፣ ቀለም ብቻ አይደለም።

ዝገት ሁሉ መጥፎ አይደለም። በሽቦ ብሩሽ ሲፈተግ ለቆ ንጹሕ ብረት የሚያሳይ ዝገት የላይ ዝገት ነው፣ ቀለም ይበቃዋል። ቀለሙን ከውስጥ የሚያሳብጠው፣ በካቻቢቴ ጫፍ ስትጫኑት የሚሰረጉደው ግን ብረቱን በልቶታል። እሱ ላይ አንድ ብር አታውጡ።

ቀጥሎ ማግኔት አምጡ። ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ይህ ለምን ይጠቅማል? የብረት ቴላዮ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ቢገኝ ቀጭን ቧንቧ መበየድ የሚችል ጥሩ ባለሙያ ሊያድነው ይችላል። አሉሚኒየም ግን ሌላ ነው። የሳይክል አሉሚኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተሰጠው የሙቀት ሕክምና ነው፤ በአርጎን ቢበየድም በብየዳው ዙሪያ ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ ሲታይ የዳነ ይመስላል፣ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ይከዳል። ስለዚህ የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ቴላዮ አበቃ በሉት። የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ ደግሞ ብረትም ይሁን አሉሚኒየም እንዲበየድ አትፍቀዱ። ሹካ ሲሰበር ሰው የሚወድቀው በፊቱ ነው።

መጣመሙንስ? ይህን ለማወቅ ክርና ማስመሪያ ብቻ ይበቃል። የኋላውን ጎማ አውጡ። ክሩን የኋላ ጎማ ከሚታሰርበት ከአንዱ ጫፍ እሰሩ፣ ወደ ፊት ወስዳችሁ በመሪው ቧንቧ አዙሩት፣ በሌላው ወገን መልሳችሁ ከሁለተኛው ጫፍ ላይ ወጥራችሁ እሰሩት። አሁን ኮርቻው ከሚገባበት ቧንቧ እስከ ክሩ ያለውን ርቀት በቀኝም በግራም ለኩ። እኩል ከሆነ ቴላዮው ቀጥ ያለ ነው። የአንድ ወይም የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ችግር የለውም፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ ግን ሳይክሉ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተጋጭቷል ማለት ነው። ከመሪው ቧንቧ ኋላ፣ በታችኛው ብረት ሆድ በኩል ቀለሙ ተሸብሽቦ ከሆነም ያው ነው፤ ከፊት ተመትቷል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የኮርቻውን ዘንግ ፈታታችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ለዓመታት ሳይነካ የቆመ የአሉሚኒየም ዘንግ ከብረት ቴላዮ ጋር አንዳንዴ ተጣብቆ አንድ አካል ይሆናል። እንቢ ካለ ሌላው ወጪ ከመጀመሩ በፊት እሱ መላቀቁን አረጋግጡ፤ ለማውጣት የሚደረገው ትግል ራሱ ቴላዮውን ሊሰብረው ይችላል።

ልኩ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጣል። ሳይክሉ የታላቅ ወንድም ነበር፣ ወይም በልጅነት የተገዛ ነው፣ ቴላዮው ንጹሕ ነው፣ ይታደሳል፣ ያምራል፣ ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ጉልበት ያማል ተብሎ ተመልሶ ጥጉን ይይዛል። ለሰውነታችሁ ያልሆነ ቴላዮ በምንም ዕቃ አይስተካከልም።

አለካኩ ቀላል ነው። የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ሳይክሉን በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ቁሙ። በላይኛው ብረትና በእናንተ መሃል ለከተማ ሳይክል ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍት መኖር አለበት፤ ለተራራ ሳይክል ከዚያ ይበልጥ። ካልኖረ ትልቅ ነው። ከዚያ ኮርቻው ላይ ወጥታችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉ መጨረሻው ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። በትክክለኛው አነዳድ፣ በእግራችሁ ፊተኛ መዳፍ ስትረግጡ፣ ጉልበታችሁ በጥቂቱ ታጥፎ ይቀራል። እዚህ ለመድረስ የኮርቻው ዘንግ ላይ ካለው የመጨረሻ ምልክት በላይ ማውጣት ካስፈለጋችሁ ቴላዮው ትንሽ ነው። ምልክቱን አልፎ ማውጣት አደገኛ ነው፣ ዘንጉም የቴላዮው አፍም ይሰበራል።

እጃችሁ መሪው ላይ ሲደርስ ክርናችሁ ድርቅ ብሎ ትከሻችሁ ወደ ፊት ከተጎተተ ትንሽ ማረሚያ አለው፣ አጠር ያለ የመሪ አንገት ይገዛል። በዚህ የሚስተካከለው ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

የጎማው ቁጥር

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት፣ ብዙ ሰው ያላወቀው ነገር ነው። ጎማው ላይ "26" ስለተጻፈ ማንኛውም 26 ጎማ ይገባል ማለት አይደለም። በጎማው ጎን በትንሹ የተጻፈ፣ በሰረዝ የተለያየ ሌላ ቁጥር አለ፣ ለምሳሌ 50-559። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዙር ዲያሜትር (በመሃል አልፎ ከዳር እስከ ዳር) ነው፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። የተለመደው የተራራ ሳይክል 26 ሁለተኛ ቁጥሩ 559 ነው። አንዳንድ የድሮ የከተማ ሳይክሎች 26 ግን 590 ነው። አንዱ የሌላው ቸርኬ ላይ በጭራሽ አይገባም። የ28ም እንደዚሁ ነው። የአሁኑ 28 (700 የሚባለው) 622 ሲሆን ዱላ ፍሬን (በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ) ያላቸው ትልልቆቹ የድሮ ሳይክሎች 635 ናቸው። የሚገርመው፣ 29 ተብሎ የሚሸጠውም 622 ነው፣ ከ700ው ጋር አንድ ዙር ነው፣ የሚለየው ውፍረቱ ነው።

እና ምን ታደርጋላችሁ? ሁለተኛውን ቁጥር ጻፉና ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት መርካቶ ወይም ሠፈራችሁ ያለው የሳይክል ዕቃ ሱቅ ሂዱ። 559 ወይም 622 ከሆነ ጎማውም ከመነዳሪውም የሚገኝበት ዕድል ሰፊ ነው። ሌላ ከሆነ በእጃቸው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። "ይመጣል" የሚባል ጎማ እንዳለ አትቁጠሩት። ጎማ በየጊዜው የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ ዛሬ በመከራ ቢገኝ እንኳ የሚቀጥለው ዓመት ላይ ያው ፍለጋ ይጠብቃችኋል።

ሦስቱን ካለፈ፣ አሁን ሂሳብ

እስካሁን ምንም አልወጣም። አሁን የሚለወጠውን ሁሉ በወረቀት ጻፉ። ሳይክል ሠሪ ጋ ሄዶ "አየት አድርገው" ማለት የሚያመጣው ጣጣ ይታወቃል፤ ዛሬ ሰንሰለት፣ ነገ ጥርስ፣ ከነገ ወዲያ ቸርኬ እየተባለ ሰውየው ሳያውቀው የአዲስ ሳይክል ዋጋ ያወጣል። ጠቅላላው ዝርዝር ካልተጻፈ እንዲፈታም አትፍቀዱ።

ሰንሰለቱን ራሳችሁ ለኩት። በኢንች የተከፋፈለ ማስመሪያ ውሰዱ። የማስመሪያውን ዜሮ አንዷ ፒን መሃል ላይ አድርጉና 12 ኢንች ላይ ያለውን እዩ። አዲስ ሰንሰለት ላይ ልክ 12 ኢንች ላይ ሌላ ፒን ይገኛል። ፒኗ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ያህል ካለፈች ሰንሰለቱን ብቻ ቀይሩ። አንድ ስምንተኛ ኢንች ካለፈች ሰንሰለቱ የኋላውን ጥርስም ይዞ በልቶታል፣ ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ። አዲስ ሰንሰለት ባለቀ ጥርስ ላይ ሲገባ ስትረግጡት ይዘላል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይጥላል። የፊት ጥርሱን በዓይን እዩት፤ ጫፉ ሾሎ ወደ አንድ ወገን ከተጋደመ እሱም አልቋል።

ቸርኬውን አንሥታችሁ አሽከርክሩት። በፍሬን ጎማው አጠገብ ሲያልፍ ግራ ቀኝ የሚጫወት ከሆነ ቸርኬውን የያዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች በማጥበቅ ይስተካከላል፣ ርካሽ ሥራ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ከሆነ ግን ጉድጓድ መቶት ቸርኬው ተሰርጉዷል። አሉሚኒየም ቸርኬ ከሆነ የፍሬን ጎማ የሚነካውን ጎን በጣታችሁ ዳስሱ። ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ፍሬን እያሳሳው ኖሯል፤ ቀጥኖ ቀጥኖ በአየሩ ግፊት ይፈነዳል፣ ይለወጥ።

ከዚያ ጎማውን በእጃችሁ ይዛችሁ ግራ ቀኝ ነቅንቁት፣ የፔዳሉን ክንድም እንዲሁ፣ መሪውንም የፊት ፍሬን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። ቀጭ ቀጭ ካለ ወይ መጥበቅ ይፈልጋል ወይ ኩሽኔታው አልቋል። ሲሽከረከር እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ተፈትቶ ይጽዳ፣ ኳሶቹ ይለወጡ፣ አዲስ ግራሶ ይግባበት። በአሮጌ ሳይክል ላይ ከዚህ የተሻለ ገንዘቡን የሚክስ ሥራ የለም። ኳሶቹ ርካሽ ናቸው፣ የሚያስከፍለው የሰውየው ጊዜ ነው፣ ሳይክሉ ግን ሌላ ሳይክል ይሆናል።

አሁን ደምሩ። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ የማደሻው ጠቅላላ ዋጋ፣ የእጅ ዋጋን ጨምሮ፣ በጥራት ከእሱ እኩል የሆነ ሳይክል ከሚሸጥበት ግማሽ በታች ከሆነ አሳድሱ። ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ከሆነ ሳይክሉን የምትወዱት ከሆነ ብቻ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ግዙ። "በጥራት እኩል" ያልኩትን አስምሩበት። አሮጌ ግን በደንብ የተሠራ ሳይክልን ገበያ ላይ ካለው በጣም ርካሽ አዲስ ሳይክል ጋር ካወዳደራችሁት ሂሳቡ ይዋሻል።

ምክንያቱም ርካሹ አዲስ ሳይክል ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ፊትም ኋላም ሞላ አለው፣ ዲስክ ፍሬን አለው፣ ቀለሙ ያብለጨልጫል። ያ ሁሉ በዚያ ዋጋ የሚሠራው ከየዕቃው ጥራት ተቀንሶ ነው። ሞላው ከባድ ነው፣ ዳገት ላይ ስትረግጡ ጉልበታችሁን እሱ ይበላዋል፣ ከወራት በኋላ ሲላላ ደግሞ መጠገኛ ዕቃ የለውም። በአንድ ዓይነት ዋጋ ሁለት ሳይክል ብታዩ፣ አንዱ ባለ ሞላ ሌላው ደረቅ ቢሆን፣ ደረቁን ምረጡ። ሞላ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ቸርኬውና ማርሹ ላይ የመዋሉ ዕድል ይበልጣል።

ከሁለቱ መሃል ሦስተኛም መንገድ አለ። ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የሚገባ ሳይክል፣ ስላሽ የሚባለው። ጥሩ ቴላዮ በመጠነኛ ዋጋ የሚገኝበት ቦታ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ከላይ የጻፍኩትን ምርመራ ሁሉ፣ ክሩን ጭምር፣ እዚያው ሱቁ በር ላይ አድርጉበት። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ አለ።

ካሳደሳችሁ ገንዘቡ የት ይሂድ?

መጀመሪያ ፍሬን። የፍሬን ጎማና የፍሬን ሽቦ ሲለወጡ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ቸርኬው የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፦ ክረምት ላይ ሲረጥብ ፍሬኑ የለም ማለት ይቻላል። ውኃ የነካው የብረት ቸርኬ ላይ የፍሬን ጎማ ይንሸራተታል፣ አሉሚኒየም ላይ ግን ይይዛል። በሐምሌና በነሐሴ የምትነዱ ከሆነ ከሁሉም ማሻሻያ በፊት ቢያንስ የፊቱን ጎማ በአሉሚኒየም ቸርኬ ቀይሩት። የፊት ፍሬን ነው አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው።

ቀጥሎ ጎማ። ለአስፋልት ብቻ የምትነዱ ከሆነ ጥርሱ የጎላውን የተራራ ጎማ ትታችሁ ለስላሳውን ግዙ፤ ድምፁም ድካሙም ይቀንሳል። ኮብልስቶንና ጥርጊያ የሚበዛበት ሠፈር ከሆነ ለስላሳ ግን ወፈር ያለ ይሁን።

ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ ላላችሁ፣ የማርሹ ልክ። ከተማዋ ከቦሌ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ከ2,300 ሜትር ገደማ ተነሥታ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች፤ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ያለውን ዳገት በከባድ ማርሽ የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ባለ ሰባት ማርሽ ሳይክሎች የኋላ ትልቁ ጥርሳቸው 28 ነው። ትልቁ ባለ 34 ጥርስ የሆነውን ባለ ሰባት ማርሽ ብታስገቡ የመጨረሻው ቀላል ማርሽ 18 በመቶ ገደማ ይቀላል። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው 34 የሚደርስ መሆኑን ብቻ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ አጭር ከሆነ አይደርስም፣ ሰንሰለቱም ረዘም ማለት ሊኖርበት ይችላል።

የማይመከረውን ደግሞ በአጭሩ። ማርሽ የሌለውን የድሮ ሳይክል ባለ ማርሽ ማድረግ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። የኋላ ጎማ የሚታሰርበት ክፍተት በማርሽ አልባው ላይ ብዙ ጊዜ ከ110 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ነው፣ የተለመደው ባለ ማርሽ የተራራ ሳይክል ጎማ ግን 135 ይፈልጋል። ብረት ቴላዮ በባለሙያ እጅ በመጠኑ ሊከፈት ይችላል፤ አሉሚኒየም ላይ ፈጽሞ አትሞክሩት። ማሰሪያ ጆሮ በሌለው ቴላዮ ላይ ዲስክ ፍሬን ማስበየድም ያው ነው። ደረቅ ሹካን አውጥቶ ባለ ሞላ ማስገባት ደግሞ መሪውን ከፍ ያደርገዋል፣ የሳይክሉን ሚዛን ያበላሻል። እነዚህን የግድ ከፈለጋችሁ፣ የምትፈልጉት ሌላ ሳይክል ነው፤ ሄዳችሁ እሱን ግዙ።

ሥራችሁ ተለውጦ ከሆነም እንዲሁ። ቅዳሜና እሁድ ለመዝናናት የተገዛ ሳይክል አሁን ዕቃ ማድረሻ ሊሆን ከሆነ፣ ወይም ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የነዳችሁትን ከባድ ማርሽ አልባ ሳይክል ይዛችሁ አዲስ አበባ ከመጣችሁ፣ ቴላዮው ምንም ቢያምር አይበቃችሁም። ለልጅ ከሆነ ደግሞ ብዙ አትጨነቁ፦ ልጅ ያድጋል፣ ያገለገለ ገዝቶ ፍሬኑን ማስተካከል ይሻላል፣ ሲያድግ ለጎረቤት ልጅ ይተላለፋል።

የአባት ወይም የአያት ሳይክል ከሆነስ? እሱን በብር አትመዝኑት። ቴላዮው ደኅና ከሆነ ግራሶ፣ ፍሬንና ጎማ አድርጉለትና እንደነበረ ተዉት፤ ሜዳ ለሜዳ ይነዳ። የዕለት መጓጓዣ ከፈለጋችሁ ግን ለብቻው ሌላ ይኑራችሁ።

አዲስ ከገዛችሁ፣ ከሱቅ ሳትወጡ

ብዙ ሳይክል በካርቶን ተፈትቶ ነው የሚመጣው፣ የሚገጥመውም የሱቁ ልጅ በጥድፊያ ነው። ፔዳሎቹን እዩ። የግራው ፔዳል የብሎን ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። በግድ በቀኝ አዙሮ ያስገባው ሰው ካለ የፔዳሉ ክንድ ጥርስ ተበልቷል፣ ከሳምንታት በኋላ ፔዳሉ ወልቆ ይወድቃል። ስለዚህ ፔዳሉ በእጅ በቀላሉ መግባቱን ሲገጠም ቆማችሁ እዩ። ሹካው ወደ ፊት መዞሩን አረጋግጡ፤ ተገልብጦ የተገጠመ አጋጥሞኛል። መሪውን በሁለት እጅ ይዛችሁ የፊት ጎማውን በጉልበታችሁ መሃል አጥብቃችሁ ለማዞር ሞክሩ፣ ከዞረ አልጠበቀም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ አዲስ የፍሬን ሽቦ ይላላል፣ የጎማው ሽቦዎችም እንዲሁ፤ ይህ የጥራት ችግር አይደለም፣ የሁሉም አዲስ ሳይክል ጠባይ ነው። ስለዚህ ስትገዙ "ከወር በኋላ አንድ ጊዜ በነጻ ታጠብቁልኛላችሁ?" ብላችሁ ተነጋገሩና ደረሰኙ ላይ አጽፉት። እንቢ ካሉ የዚያን የእጅ ዋጋ ከሳይክሉ ዋጋ ላይ አስቀንሱ።